ይህ ፕሮግራም ስንት ራም በላ? ከርነሉ የትኛውን ቁጥር ይንገረን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ማሽኑ ተንቀራፏል፣ ማን ራሙን እንደጨረሰው ማወቅ ትፈልጋላችሁ፣ ሊኑክስ ላይ ስለሆናችሁ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ቶፕን ትከፍታላችሁ። ቶፕ ግን አንድ መልስ አይሰጥም። ከከርነሉ፣ ማለትም ራሙን ለፕሮግራሞች ከሚያከፋፍለው የሊኑክስ እምብርት፣ ተቀብሎ ቪርት፣ ሬስ፣ ሸር የሚባሉ ሦስት ዓምዶች ጎን ለጎን ያወጣላችኋል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሠራ ስላለ አንድ ፕሮግራም ነው፣ ቁጥራቸው ግን ለየቅል ነው። ታዲያ የቱ ይታመን?

የምሠራበት ቦታ አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰርቨር ነበረን፤ ራሙ 8 ጊጋባይት። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ በሬስ ዓምድ ሥር ያሉትን የፖስትግሬስ ፕሮሰሶች በሙሉ ደመረና 60 ጊጋባይት መጣለት። ደንግጦ "ራም ይገዛልን" የሚል ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመረ። እኔም ደግሜ ደመርኩት። ድምሩ ልክ ነው። ግን 8 ጊጋ ባለው ማሽን ውስጥ 60 ጊጋ እንዴት ይገባል? ራም ሲጠብ ዳታ የሚወጣበት የዲስክ ቦታ፣ ስዋፑ እንኳ 2 ጊጋ ብቻ ነው፣ እሱም ባዶ ነበር።

ከርነሉ አልዋሸም። እያንዳንዱ ቁጥር ለአንድ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘን ሄደን የዚያን መልስ አነበብን። ስለዚህ "ከርነል ስለ ፕሮሰስ ሚሞሪ ምን ምን ቁጥር ማውጣት አለበት?" የሚለው ለከርነል ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይመስለኝም። ሰርቨር የሚከራይ፣ ኮንቴይነር ላይ የራም ገደብ የሚያስቀምጥ፣ ስልኩ ለምን እንደሚዘገይ ግራ የገባው ሰው ሁሉ ያገባዋል።

ከቪርት እንጀምር። ቤት ለመሥራት መጀመሪያ ካርታ ይወጣል። ካርታው 500 ካሬ ሜትር ሊል ይችላል፤ መሬቱ ላይ ግን ገና አንድ ክፍል ሰርቪስ ብቻ ቆሞ ይሆናል። ቪርት የካርታው ስፋት ነው። ፕሮግራሙ "ይህን ያህል አድራሻ ስጠኝ" ሲል ከርነሉ ይመዘግብለታል፣ ራም ግን አይሰጠውም። ራም የሚሰጠው ፕሮግራሙ ቦታውን መጀመሪያ ሲነካው ነው፤ ያኔም በቁርጥራጭ፣ ፔጅ በፔጅ ነው። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች አንድ ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው።

በነዚህ ባለ 64 ቢት ማሽኖች ለአንድ ፕሮሰስ የሚከፈተው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ 128 ቴራባይት ነው። አድራሻ ርካሽ ስለሆነ ፕሮግራሞች በገፍ ይይዙታል። በሃስኬል የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ገና ሲነሳ 1 ቴራባይት አድራሻ ሊይዝ ይችላል። የሚሞሪ ስህተት የሚፈልገው አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ከ10 ቴራባይት በላይ ይይዛል። ሁለቱም ላፕቶፕ ላይ በሰላም ይሠራሉ። ስለዚህ ቪርትን አይቶ "ይሄ ፕሮግራም ራም ጨረሰ" ማለት ካርታ አይቶ የሲሚንቶ ወጪ እንደማስላት ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ከርነሉ ራም ካለው በላይ ቃል እንዳይገባ አጥብቃችሁ በከለከላችሁበት ሰርቨር ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የተገባው ቃል ራሱ ተቆጥሮ ገደብ ሊያስመታ ይችላል። ከዚያ ውጭ እኔ ብዙም አላየውም።

ሬስ ወይም አርኤስኤስ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። አርኤስኤስ "የዚህ ፕሮሰስ ካርታ ከሚያመለክታቸው ፔጆች ውስጥ አሁን ራም ላይ ያሉት ስንት ናቸው?" ለሚለው መልስ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን "የማን ናቸው?" ብሎ አይጠይቅም።

የሰፈር እድርን አስቡ። ድንኳኑ፣ ትልልቁ ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበሩ የእድሩ ነው። አንድ መዝጋቢ ቤት ለቤት እየዞረ "ድንኳን አላችሁ?" ብሎ ቢጠይቅ እያንዳንዱ አባወራ "አለን" ይላል። ልክ ነው፣ ሲያስፈልገው ያገኘዋላ። አባላቱ 40 ከሆኑ ግን መዝገቡ ላይ 40 ድንኳን ይሰፍራል። ሰፈሩ ውስጥ ያለው አንድ ድንኳን ነው።

የኛ ፖስትግሬስም እንደዚያው ነው። ለሁሉም ፕሮሰሶች የጋራ የሆነ 2 ጊጋባይት ቋት ተመድቦለታል፤ ለአንድ ኮኔክሽን ደግሞ አንድ ፕሮሰስ ይነሳል። 40 ኮኔክሽን ነበረን። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ከጋራው ቋት ወደ 1,536 ሜጋባይት ነክቷል፣ የብቻው ደግሞ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሬስ 1,548 ሜጋባይት ይላል። በ40 አባዙት፣ 60 ጊጋ ይመጣል። እውነቱ ግን የጋራው አንዴ 1,536 ሲደመር የብቻ የብቻቸው 480፣ በድምሩ ወደ 2 ጊጋባይት ነው። ደብዳቤው የሚጠይቀው ለ58 ጊጋባይት ሕልም ነበር።

ይህን ስሌት የሚያስተካክለው ቁጥር ሊኑክስ ውስጥ አለ፣ ፒኤስኤስ ይባላል። የገባው በ2.6.25 ከርነል፣ በ2008 ነው። አሠራሩ ቀጥተኛ ነው። አንድን ፔጅ የሚጠቀሙት 40 ፕሮሰሶች ከሆኑ እያንዳንዱ አንድ አርባኛውን ይያዝ። የብቻው ከሆነ ሙሉውን ይያዝ። በዚህ ሒሳብ የአንዱ የፖስትግሬስ ፕሮሰስ ድርሻ 38.4 ሲደመር 12፣ ማለትም 50.4 ሜጋባይት ነው። በ40 ስታባዙት እውነተኛው 2 ጊጋ ይመጣል። የፒኤስኤስ ትልቁ ጸጋ ይኼ ነው፣ መደመር ይቻላል። አንድሮይድ ለዓመታት የመተግበሪያዎችን ሚሞሪ ሲለካ በፒኤስኤስ የተመካው በዚህ ምክንያት ነው። አንድሮይድ ላይ መተግበሪያዎች ሁሉ ዛይጎት ከሚባል አንድ ወላጅ ፕሮሰስ ይወለዳሉ፤ የወላጁን ፔጆችም በጋራ ይዘው ይቀጥላሉ። አርኤስኤስ ብትደምሩ የስልኩ ራም እጥፍ ድርብ ሆኖ ይታያችኋል።

ታዲያ ፒኤስኤስን ብቻ አውጥቶ ሌላውን መተው አይሻልም ወይ? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው። ሁለት ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ።

አንደኛው፣ ፒኤስኤስ በጎረቤት ምክንያት ይንቀሳቀሳል። ከ40ዎቹ 20ዎቹ ኮኔክሽኖች ማታ ተዘጉ እንበል። የቀሩት እያንዳንዳቸው ምንም ሳያደርጉ፣ አንዲት ፔጅ ሳይጨምሩ፣ ድርሻቸው ከ50.4 ወደ 88.8 ሜጋባይት ይዘላል። አንድ ብቻ ቢቀር 1,548 ይሆናል። ግራፉን የሚያይ ሰው "ሚሞሪ እያፈሰሰ ነው!" ብሎ ሌሊት ይቀሰቅሳችኋል። ያፈሰሰ ነገር የለም፤ የእድሩ አባላት ሲቀንሱ መዋጮው ከበደ እንጂ።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። አርኤስኤስ ከርነሉ ሁልጊዜ የሚይዘው ቆጣሪ ነው። ፔጅ ሲገባ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል፤ ስትጠይቁት ያነብላችኋል፣ አለቀ። ፒኤስኤስ ግን ተቆጥሮ አይቀመጥም። በጠየቃችሁ ቁጥር ከርነሉ የትኛው አድራሻ የትኛው የራም ፔጅ ላይ እንዳለ የሚመዘግበውን የፕሮሰሱን የፔጅ ሰንጠረዥ ይዞ አንድ በአንድ እየሄደ "ይሄን ስንት ሰው ይጠቀምበታል?" እያለ ይቆጥራል። ፕሮሰሱ ብዙ ጊጋባይት ከያዘ ቆጠራው ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መሃል ፕሮሰሱ ራሱ የአድራሻ ካርታውን መለወጥ ቢፈልግ ሊጠብቅ ይችላል። ለመለካት ብላችሁ የምትለኩትን ነገር ታዘገያላችሁ። በ4.14 ከርነል፣ በ2017፣ ሮልአፕ የሚባል ድምሩን ብቻ የሚሰጥ ፋይል ተጨመረና ብዙ ጽሑፍ ማተምና መተንተን ቀረ። የፔጅ ቆጠራው ግን እንዳለ ነው። ደግሞ የሌላ ተጠቃሚን ፕሮሰስ ፒኤስኤስ ለማየት ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አርኤስኤስን ግን በተለመደው ማሽን ላይ ማንም ያየዋል። ሁሉም ሰው አርኤስኤስ ላይ የሙጥኝ ያለው በዚህም ነው።

አርኤስኤስ ግን የሚያሳስተው በጋራ ፔጅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ስዋፕን ተመልከቱ። ራም ሲጠብ ከርነሉ የፕሮሰሱን ፔጆች ወደ ዲስክ ያወጣል። ያኔ አርኤስኤስ ይቀንሳል። ፕሮሰሱ ሲታመም ነው በቁጥሩ የሚቀጥነው! ጤነኛ መስሎ ይታያል፣ ውስጡ ግን እያንዳንዷን ፔጅ ከዲስክ እየጠበቀ ነው። ለኔ ስዋፕን ያላካተተ የሚሞሪ ቁጥር ብቻውን መታየት የለበትም።

ሌላ ምሳሌ ከጎ ቋንቋ አለ። ጎ 1.12 በ2019 ሲወጣ የማይፈልገውን ፔጅ የሚመልስበትን መንገድ ቀየረ። አዲሱ መንገድ "ይሄን አልፈልገውም፣ ስትቸገር ውሰደው" ለከርነሉ እንደማለት ነው። ከርነሉ ካልቸገረው አይወስድም። ካልወሰደው ደግሞ ፔጁ አርኤስኤስ ውስጥ እንደተቆጠረ ይቀራል። ሐሳቡ ለፍጥነት ጥሩ ነበር፤ ሰዉ ግን ፕሮግራሙን ሲያሻሽል አርኤስኤስ ሰማይ ሲነካ አየና የሚያፈስ ነገር ፍለጋ ገባ። በ2021 በጎ 1.16 ወደ ድሮው መንገድ ተመለሱ፣ ያኔ የተሰጠውም ምክንያት ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚጠቀመውን በቶሎ እንዲያሳይ። አስቡት፣ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ባሕርዩን የቀየረው ከርነሉ የሚያወጣውን ቁጥር ሰው ስለሚያምነው ነው። ቁጥር ማውጣት ቀልድ አይደለም።

ከሁሉም በላይ እኔን የገረመኝ ግን ጭራሽ ያልተቆጠረው ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ የፔጅ ሰንጠረዥ አለው፤ ይሄኛው የእድር አይደለም፣ የየብቻ ነው። ለእያንዳንዷ ባለ 4 ኪሎባይት ፔጅ 8 ባይት ይፈጃል። 1,536 ሜጋባይት ማለት 393,216 ፔጅ ነው፤ በ8 ሲባዛ 3 ሜጋባይት። ለአንድ ፕሮሰስ 3 ሜጋ ምንም አይደለም። ለ40 ግን 120 ሜጋባይት ነው፣ ለ400 ኮኔክሽን ደግሞ 1.2 ጊጋባይት ገደማ! ይህ ሁሉ አርኤስኤስ ውስጥ የለም፣ ፒኤስኤስ ውስጥም የለም። ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ በየፕሮሰሱ ስታተስ ፋይል፣ ቪኤምፒቲኢ በሚል መስመር ለብቻው ተቀምጧል። ስንቱ ሰው እንደሚያየው እንጃ።

ከርነሉ ራሱ ግን ያውቀዋል። ራም ጨርሶ አልቆ አንድ ፕሮሰስ መግደል ግድ ሲሆንበት ማንን እንደሚገድል የሚመርጠው አርኤስኤስን፣ ስዋፕንና የፔጅ ሰንጠረዡን ደምሮ ነው። ከቶፕ የተሻለ ስሌት ነው። ሆኖም የጋራ ፔጆችን ለእያንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ስለሚቆጥር ከኛ ፕሮሰሶች አንዱን "1.5 ጊጋ የያዘ" ብሎ ሊገድለው ይችላል፤ ሲገድለው የሚለቀቀው ግን 12 ሜጋባይት ሲደመር ያቺ 3 ሜጋ ነች። አንዱ በድንገት ሲገደል ደግሞ ፖስትግሬስ የጋራው ቋት ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሌሎቹንም ኮኔክሽኖች ቆርጦ እንደ አዲስ ይነሳል። 15 ሜጋባይት ለማግኘት ዳታቤዙ በሙሉ ወደቀ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይውጣ? እኔ የማምንበትን ልናገር።

መጀመሪያ፣ ዋናው ቁጥር "ይህን ፕሮሰስ ብገድለው ስንት ይመለስልኛል?" ለሚለው ጥያቄ ቅርብ ይሁን። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሌሊት በ8 ሰዓት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደግነቱ በ4.5 ከርነል፣ በ2016፣ አርኤስኤስ በሦስት ተከፍሎ መታየት ጀመረ። ፕሮግራሙ ራሱ የፈጠረው ዳታ፣ ከፋይል የመጣው፣ በጋራ ቋት ያለው። የመጀመሪያው አርኤስኤስ-አኖን ይባላል። እሱን ወስዳችሁ ቪኤም-ስዋፕን ደምሩበት፤ ምንም የፔጅ ጉዞ ሳያስፈልግ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ፣ ከእውነቱ ብዙ የማይርቅ ቁጥር ታገኛላችሁ። የፔጅ ሰንጠረዡም ቢታከልበት እወዳለሁ። ፍጹም አይደለም። ዳታውን ራም ላይ የሚይዘው ሬዲስ የሚባል ዳታቤዝ ዳታውን ዲስክ ላይ ሲያስቀምጥ ራሱን ይከፍልና ልጅ ፕሮሰስ ይወልዳል፤ የተቀየረ ፔጅ እስካልኖረ ድረስ ሁለቱ አንድ ዓይነት ፔጆችን ይጋራሉ፣ ቆጣሪው ግን ለሁለቱም ሙሉውን ይጽፍላቸዋል። ያኔ ፒኤስኤስን መጠየቅ ነው። አልፎ አልፎ፣ ለሚያስፈልገው ሰው፣ በዋጋው።

ሁለተኛ፣ የጋራው ከግሉ ተለይቶ ይውጣ እንጂ ከርነሉ አስቀድሞ አያካፍለው። ከተካፈለ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ግልና ጋራ ተለይተው ከመጡ ግን ቶፕ ወይም ሌላ መሣሪያ እንደፈለገ ይደምራል።

ሌላው ጠንቀቅ የሚያሰኘኝ፣ ከርነል አንዴ ያወጣውን ቁጥር መመለስ አይችልም። የሚያነቡት ፕሮግራሞች ይሰበራሉና። ፕሮክ ውስጥ ስታትኤም የሚባል ፋይል አለ፤ ሰባት ቁጥሮች ያወጣል። ከሰባቱ ሁለቱ ከ2.6 ከርነል ጀምሮ ሁልጊዜ 0 ናቸው። ማንም አይጠቀምባቸውም፣ ግን ቦታቸውን የሚያጠፋ የለም፣ አንድ የቆየ ፕሮግራም ቦታቸውን ቆጥሮ ያነብ ይሆናልና። ስለዚህ "ሁሉንም አውጣው፣ የሚጠቅመውን ሰዉ ይምረጥ" የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። አዲስ መስመር ከመጨመሩ በፊት የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ መቻል አለበት።

ሦስተኛው ለልቤ የቀረበው ነው። ስንት ያዘ ከማለት ይልቅ "ተቸግሯል ወይ?" የሚለውን ከርነሉ በቀጥታ ይመልስ። 6 ጊጋ ይዞ ጤነኛ የሆነ ፕሮሰስ አለ፣ 300 ሜጋ ይዞ የሚሰቃይ አለ። በ4.20 ከርነል፣ በ2018፣ ከፌስቡክ መሐንዲሶች የመጣ ፒኤስአይ የሚባል መለኪያ ገባ። እሱ የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ባለፉት 10፣ 60 እና 300 ሴኮንዶች ውስጥ ሥራ ራም በማጣት ምክንያት ቆሞ የጠበቀበትን መቶኛ። ለማሽኑ በሙሉ ይሰጣል፣ ኮንቴይነሮች በሚሠሩበት በሲግሩፕ ደረጃም ለየቡድኑ ይሰጣል። ለኔ ያለፉት ዓመታት ምርጡ ጭማሪ ይሄ ነው። ቁጥሩ 0 አካባቢ ከሆነ የአርኤስኤሱ ግራፍ የፈለገውን ይምሰል፣ ተኙ።

የኛን ሰርቨር ስናየው 0 ነበር። ደብዳቤው ቀረ። ይልቅ ኮኔክሽኖቹን የሚያሰባስብ ፒጂባውንሰር የሚባል ፕሮግራም ፊቱ ላይ አስቀመጥንና 40ው ወደ 12 ወረደ። ከዚያም የጋራውን ቋት 2 ሜጋባይት በሆኑ ትልልቅ ፔጆች እንዲይዝ አደረግነው፤ የየፕሮሰሱ ባለ 3 ሜጋ ሰንጠረዥ ወደ ጥቂት ኪሎባይት ጠበበ።

በማግስቱ ባልደረባዬ እየሮጠ መጣ። ቶፕ ላይ የእያንዳንዱ ፕሮሰስ ሬስ ከ1.5 ጊጋ ወደ 20 ሜጋ ገደማ ወርዷል። "ዳታቤዙ ቋቱን ጣለው እንዴ?" አለኝ። አልጣለውም። ሊኑክስ አስቀድመው የተያዙ ትልልቅ ፔጆችን አርኤስኤስ ውስጥ አይቆጥርም፣ ፒኤስኤስ ውስጥም እንዲሁ። ስታተስ ፋይሉን ከፍተን ወደ ታች ወረድንና ሂዩጅቲኤልቢ-ፔጅስ የሚለውን መስመር አሳየሁት። 1.5 ጊጋው እዚያ ቁጭ ብሏል።